ከሳንቃበር እስከ ግጭ

እኛ ከሀይ ጀላባ ነን። የዛሬውን ዓምድ ያስጀመረን አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ነገሩ የሆነው መጋቢት ላይ ነው፤ ሙቀቱ የክፍሉን ቆርቆሮ አግሎት ልጆቹ ፊታቸውን በደብተር እያራገቡ ነበር። ቃላት ስናስተምር «ውርጭ» የሚል ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ውርጭ ምንድን ነው?» «ሌሊት ሣር ላይ የሚያድር በረዶ ነው» አልነው። «በረዶውን ሣር ላይ ማን ያስቀምጠዋል?» አለን። እሱ የሚያውቀው በረዶ ሱቅ በር ላይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ማታ ቤት ስንገባ ግን ሳቁ አልመጣልንም።

ስለዚህ ዛሬ በእግር ልንወስዳችሁ ነው። በእግር መሄድ ሲባል ብዙዎቻችሁ ደስ እንደማይላችሁ እናውቃለን። ልጅ አዝላችሁ ሌሊት ለሌሊት የተጓዛችሁ አላችሁ። ይህን ጽሑፍ ስናስብ ከጋምቤላ የመጡ አንዲት እናት ነገሩን ሰምተው «ሰው ማንም ሳያባርረው ተራራ ይወጣል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። አዎ፣ ይወጣል እናታችን። ከፍሎ ነው የሚወጣው፣ ከአውሮፓ ድረስ መጥቶ።

የሚመጣበት ቦታ የሰሜን ተራሮች ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደባርቅ ይገኛል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ አስጎብኚ፣ በቅሎና ጭነት ነጂ የሚያዘውም እዚያው ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት ሳይኖር ወደ ውስጥ አይገባም። እኛ የሄድነው መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን፣ በኅዳር ወር፣ አሥራ አንድ ሆነን ነው። ድንኳን የለን፣ የተራራ ጫማ የለን። ሁለት በቅሎ፣ አንድ ስካውት፣ አንድ ማዳበሪያ በሶ ብቻ። ከመካከላችን አንዱ በበረባሶ ነው የመጣው። ፈረንጆቹ ያን የሚያህል ጫማ ተጫምተው ሲያነክሱ ስካውታችን ግን በኮንጎ ጫማ ገደል ለገደል እንደ ዋልያ ይሄድ ነበር።

ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር ሲኬድ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ነው። በግራ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከታች ያለው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል፤ ጭጋጉ ሲነሣ ደግሞ ጥርስ የመሰሉ ተራሮች ብቅ ይላሉ። በአፋፉ ዳር የአስታ ዛፍ አለ፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት የተንጠለጠለበት። ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሣር በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው። ሲመሽ ሁሉም ገደሉ ውስጥ ወርደው ድንጋይ ላይ ያድራሉ።

በማግስቱ ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሄድን። የአምስት ስድስት ሰዓት መንገድ ነው። በመካከሉ የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ውኃው 500 ሜትር ገደማ ወርዶ ታቹ ሳይታይ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ አስታው እየሳሳ ይሄድና የጓሳ ሣር ብቻ ይሆናል፤ በጓሳው መካከልም ጅብራ ቆሟል። ልጆቻችንን «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ!» እያልን እንቆጣለን አይደል? ጅብራን ግን አይተውት አያውቁም። ከሰው በላይ ይረዝማል፣ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ካበበ በኋላ ይሞታል። ለክፍል ልጆቻችን በጠመኔ ስንስልላቸው ተምር ነው አሉን።

ግጭ ስንደርስ ራሳችንን እየወቀረን ነበር፤ ቦታው 3,600 ሜትር ላይ ነው። (ጁባ 550 ገደማ ናት፣ አስቡት።) ያኔ ግጭ የድንኳን ቦታ ብቻ ሳይሆን መንደርም ነበረ። አንድ የመንደሩ አባወራ በበረባሶ የመጣውን ጓደኛችንን እግር አይተው «ይህ ልጅ ውጭ ካደረ ይሞታል» ብለው ሁላችንንም ጎጇቸው አስገቡን። የገብስ ቂጣና ቡና ቀረበልን። እሳቱ የአስታ እንጨት ነበር። ጠዋት ስንወጣ ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀን፣ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ውርጭ ማለት ያ ነው።

ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ ይወጣል፤ 3,926 ሜትር። ከዚያ ወደ ጨነቅ። ጨነቅ ላይ ዋልያ አየን፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ወንድ፣ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። አቅም ያለው ከጨነቅ በቧሂት በኩል አልፎ፣ ወደ ምሽሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና በአምቢቆ በኩል ወደ ራስ ዳሽን ይወጣል። እኛ ስንማር 4,620 ሜትር ነው ይባል ነበር፤ በኋላ የተለካው 4,550 ገደማ ነው። እኛ ግን በሶው ስላለቀ ከጨነቅ ተመለስን። አሁን ድረስ ይቆጨናል።

አሁን ወደ ግጭ እንመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚያ ነው ያለው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ይህ ፓርክ ነው፤ ላሊበላም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። እርሻው ወደ ላይ ወጣ፣ ከብትና በግ ግጦሹን ጨረሰው፣ ዋልያው ተመናመነ ተባለ። በ2016 ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሣ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

እኛ ይህን ዜና እዚሁ ጁባ ሆነን ስናነብ ያሰብነው ያቺን ጎጆ ነው። እውነቱን እንናገር ካልን ግጦሹ ተላጭቶ ነበር፣ በዓይናችን አይተናል። ቁልቁለቱ ታርሶ ድንጋዩ ገጦ ነበር። እኛን ያሞቀን እንጨትም ከዚያው ከሚያልቀው አስታ ነው የተቆረጠው። ዋልያው ሌላ አገር የለውም። ሰውዬውስ? በጓሳ ላይ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ዳር ቤት ቢሰጠው በጉን የት ያሰማራል? ካሣ ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ያልቃል። ከቦታችሁ የተነሣችሁ አንባቢያን ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ሣሩ ዳነ ብለን ደስ ሲለን እንኳ እኚያን ሰው ሳናስብ አይደለም።

ሌላም መንገድ እንደነበረ ለማሳየት መንዝን እንጥቀስ። የመንዝ ጓሳን ያቆየው «ቀሮ» የሚባለው የአገሬው ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን ያዘ። እዚያ ጠባቂውም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው። ባሌ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፦ ከሰነቲ ብርድ ተነሥቶ በአንድ ቀን ሐረና ጫካ ውስጥ የዱር ቡና ሥር መግባት ይቻላል። በ2023 እሱም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስለ ባሌ ለብቻው እንጽፋለን።

ሰሜን ግን ከዚያም በኋላ አላረፈም። በ2019 ሚያዝያ ላይ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን አቃጠለ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ ነገር ግን የደባርቅ ሰው ቅጠል ይዞ ገደል ላይ ሲዋጋ ነበር የሰነበተው። በ2021 ጦርነቱ ደባርቅ አጠገብ ደረሰ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት ጎብኚውን አስቀረው። በቅሎ ነጂው በቅሎውን ይዞ ቀረ ማለት ነው። የዋልያም ቁጥር እንደገና አሽቆልቁሏል ተብሏል።

ደቡብ ሱዳን ተራራ የላትም የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በኡጋንዳ ድንበር አጠገብ፣ ኢማቶንግ በሚባለው በደን የተሸፈነ ሰንሰለት ላይ፣ ኪንዬቲ 3,187 ሜትር ነው፤ ከሳንቃበር የሚስተካከል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እዚያም ውርጭ አለ?» አሉ። እኛ አልወጣነውምና መልስ አልሰጠናቸውም።

አንዷ ደግሞ የጁባው ወንዝ ከሰሜን ተራሮች ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች። ካርታውን ዘረጋን። የሰሜን ዝናብ ወደ ተከዜ ይወርዳል፣ ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራ ይሆናል፣ አትባራ ከካርቱም በታች ዓባይ ውስጥ ይገባል። የእኛው ነጭ ዓባይ ደግሞ በጁባ አድርጎ፣ ካርቱምን አልፎ እዚያው ይደርሳል። ሁለቱ ውኃዎች የሚገናኙት አትባራ ከተማ አጠገብ ነው። ልጅቷ በጣቷ ሁለቱንም እየተከተለች እስኪገናኙ ድረስ ሄደች።

በነጋታው ከሱቅ አንድ ቁራጭ በረዶ ገዝተን ወሰድን። ውርጭ እንዲህ ጠጣር እንዳልሆነ አስረድተን ቅጥሩ አጠገብ ያለው ሣር ላይ አስቀመጥነውና ልጆቹ በየተራ ይነኩት ጀመር። ለሦስት ረድፍ ደረሰ። አራተኛው ረድፍ ያገኘው እርጥብ ሣር ነው፤ ያ ልጅም የተቀመጠው አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር።