የሚናፈቀው ትርኢቱ ነውን?

በእንግሊዝ አገር የልደት በዓል ሲቃረብ የሚደረግ አንድ የቈየ ልማድ አለ። ራዲዮ ታይምስ የሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት የሁለት ሳምንት ዝግጅት ባንድነት ይዞ በወፍራሙ ታትሞ ይወጣል፤ የቤቱም ሰዎች እስክርቢቶ ይዘው ገጹን እየገለጡ፥ ከሰዓቱ ጐን ክብ ምልክት እያደረጉ፥ ይህ የአባት ነው፥ ይህ የልጆች ነው፥ ይህ የአያት ነው እየተባባሉ የበዓሉን የቴሌቪዥን ትርኢት አስቀድመው ይከፋፈሉታል። ከበዓሉ በፊት የበዓሉ ደስታ የሚዠምረው ከዚያ ነበር። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ አሁን የሚጠበቅ ነገር የለም፥ የድሮው ዝግጅት ይሻል ነበር፥ የዛሬዎቹ ማሳቅም አያውቁበት እያሉ ያዝናሉ።

ይህ ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ስለ ሆነ ሊሣቅበት አይገባም። ዳሩ ግን ዕቃ የጠፋበት ሰው የጠፋበትን ዕቃ ስም አሳስቶ ከጠራ ፍለጋው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል። የድሮው ትርኢት ይሻል ነበር የሚሉትም ሰዎች የጠፋባቸውን ነገር ስም አሳስተው የሚጠሩ ናቸው።

ትዝታ ሚዛኗ ትክክል አይደለም። ሞርካምና ዋይዝ የተባሉት ሁለት ቀልደኞች በ1977 (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በልደት ማታ ያሳዩትን ትርኢት 28 ሚሊዮን ሕዝብ ተመለከተው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። በሌላው የቈጠራ ዘዴ ግን ተመልካቹ ከ21 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ በዚያው ማታ በዚያው ጣቢያ የታወቁ ሰዎችን ድምፅና አነጋገር እያስመሰለ የሚያስቀው ማይክ ያርውድ፥ በዚሁ ቈጠራ መሠረት ከሁለቱ ጥቂት የሚበልጥ ተመልካች ማግኘቱ ነው። ዛሬ ስለዚያ ማታ የሚተርክ ሁሉ ሁለቱን ያነሣል፤ ያርውድን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። እንግዲህ ከሕዝቡ እጅግ ብዙው ተሰብስቦ ያየውን እንኳ ትዝታ እንደ ወደደች ትጥለዋለች።

የዘመኑም ሰዎች ራሳቸው ሥራቸውን እንደ ቅርስ አልቈጠሩትም። በ1965 በልደት ቀን ቢቢሲ ያሳየው የዶክተር ሁ ታሪክ ክፍል የተቀረጸበት ቴፕ ተደምስሶ ቀርቷል፤ ዛሬ ሊያየው የሚሻ ሰው አያገኘውም። በአሜሪካም ሲ ቢ ኤስ የተባለው ጣቢያ በ1978 በኖቬምበር ወር ስታር ዎርስ በተባለው ፊልም ስም ያቀረበው የበዓል ዝግጅት እስከ ዛሬ ድረስ የመጥፎ ትርኢት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። የድሮው ሁሉ መልካም ነበር የሚለው ሰው ይህን አይቈጥርም። እንዲያውም በእንግሊዝ አገር በልደት ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ከተመለከታቸው ትርኢቶች አንዱ፥ በ1986 ኢስት ኤንደርስ በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ አንድ ባል ለሚስቱ በበዓሉ ቀን የፍቺ ወረቀት ሲሰጣት የሚያሳየው ነው። ሲደገም ያዩት ሰዎች ተጨምረው ተመልካቹ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ይኸውም ከአገሩ ሕዝብ እኩሌታ የሚበልጥ ነው። በበዓል ቀን የትዳር መፍረስን ለማየት የተሰበሰበ ሕዝብ ስለ ትርኢቱ መልካምነት ተሰበሰበ ማለት እንዴት ይቻላል?

የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ሰዓት ስለ ነበረው ነው። ይህም ነገር ከቴሌቪዥን በፊት በራዲዮ የተዠመረ ነው። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1932 በልደት ቀን ከሳንድሪንግሃም ለግዛታቸው ሁሉ በራዲዮ ሲናገሩ ንግግሩን የጻፈላቸው ራድያርድ ኪፕሊንግ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት የተመረጠውም በሩቅ አገር ላለው ሕዝብ እንዲደርስ ታስቦ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 በቴሌቪዥን ሲታዩ ያ ሰዓት መልክ አገኘ እንጂ አዲስ አልተፈጠረም። የበዓሉ ምሳ ተበልቶ፥ ሳሕኑ ተነሥቶ፥ ሽማግሌው በወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ፥ ጐረቤቱም የጐረቤቱም ጐረቤት በዚያች ሰዓት ወደ አንድ ነገር እንደሚመለከት ያውቅ ነበር።

በዚህ ላይ የዘመናችን ሊቃውንት ተነሥተው፥ ይህማ የእጥረት ፍሬ ነው፤ ጣቢያው ሦስት ብቻ ስለ ነበር ሕዝቡ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ተመለከተ፤ ዛሬ ግን ማንም ሰው የወደደውን በወደደው ሰዓት ያያል፥ ታዲያ ምን ጠፋ? ይላሉ። ስለ ጣቢያው ቍጥር የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን በዓል ራሱ ማን የመረጠው ቀን ነው? ልደትን በሚመቸኝ ሳምንት አከብራለሁ የሚል ሰው ቢገኝ፥ ምግቡ ያው ምግብ፥ መብራቱም ያው መብራት ይሆንለታል፤ ቀኑ ግን በዓል አይሆንለትም። ሁልጊዜ በእጅ ያለ ነገር አይጠበቅም፤ የማይጠበቅም ነገር ሲመጣ አይታወቅም። ይልቁንም ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በልደት ማታ በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ስትሥቅ፥ በግድግዳው ማዶ ያሉት ሰዎች በዚያችው ቅጽበት ሲሥቁ ትሰማ ነበር። በወደደችው ሰዓት ብቻዋን የምታየው ትርኢት ይህን አይሰጣትም። ለሊቃውንቱ ይህ ጥቂት ነገር ይመስላቸው ይሆናል፤ ለእርስዋ ግን በዓሉ ያ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ከእንግሊዝ ይልቅ የአሜሪካ ነገር ማስረጃ ይሆናል።

በ1965 ኮካ ኮላ የተባለው ኩባንያ ለልደት በዓል የሚሆን የግማሽ ሰዓት የካርቱን ፊልም ፈለገ። ሊ ሜንደልሰን አዘጋጅ፥ ቢል ሜሌንዴዝ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስ፥ ቻርልስ ሹልዝም ደራሲ ሆነው በጥቂት ወራት ውስጥ የቻርሊ ብራውንን የልደት ፊልም ሠሩ። ታሪኩ ቀላል ነው። ቻርሊ ብራውን የተባለው ልጅ በዓሉ ሲመጣ ያዝናል፤ ውሻው እንኳ በውድድር ገንዘብ ለማግኘት ቤቱን በመብራት ያስጌጣል፤ ታናሽ እኅቱ ለገና አባት በምታጽፈው ደብዳቤ ገንዘብ ትለምናለች። ከብረት ከተሠሩት የሚያብረቀርቁ ዛፎች መካከል አንዲት ቀጭን እውነተኛ ዛፍ መርጦ ቢያመጣ ልጆቹ ሁሉ ሣቁበት። በመጨረሻም፥ የዚህን በዓል ነገር የሚያውቅ ሰው የለምን? ብሎ ሲጮኽ፥ ላይነስ የተባለው ባልንጀራው ወደ መድረኩ መካከል ወጥቶ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የእረኞቹን ታሪክ በቃሉ ይናገራል። 

ሜሌንዴዝ መጽሐፍ ቅዱስን በካርቱን ፊልም ማስነበብ አስፈርቶት ነበር፤ ሹልዝ ግን ይህን እኛ ካላደረግነው ማን ያደርገዋል ብሎ ጸና ይባላል። በጊዜውም ልማድ በየቀልዱ ኋላ የሚጨመረውን የተቀዳ የሕዝብ ሣቅ አልቀበልም አለ። የሕፃናቱንም ድምፅ እውነተኞች ሕፃናት ተናገሩት፤ ሙዚቃውን የጃዝ ሰው ቪንስ ጉዋራልዲ ደረሰው። የሲ ቢ ኤስ አለቆች ፊልሙን ባዩ ጊዜ አልወደዱትም፤ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፥ ሙዚቃው ለልጆች አይስማማም፥ ንባቡም ለመዝናኛ አይሆንም አሉ። ነገር ግን ቀኑ ስለ ተቈረጠ ዴሴምበር 9 ቀን ታየ፤ በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ቴሌቪዥኖች እኩሌታ የሚያህሉት ይህን ሲያሳዩ ነበር። ፊልሙ በተከታዩ ዓመት ኤሚና ፒቦዲ የተባሉትን ሽልማቶች አገኘ፤ ከዚያም በየዓመቱ፥ እስከ 2000 ድረስ በሲ ቢ ኤስ፥ ከ2001 ዠምሮ በኤ ቢ ሲ፥ አንቴና ላለው ሁሉ ሲታይ ኖረ።

በ2020 አፕል የተባለው ኩባንያ የዚህን ፊልም ብቸኛ መብት እንደ ያዘ ተሰማ። እንግዲህ ወዲህ ፊልሙ የሚታየው በኢንተርኔት፥ በየወሩ ለሚከፍል ሰው ሆነ። በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በአቤቱታ ላይ ፈረሙ። በዚያ ዓመትና በሚቀጥለው ዓመት ፒ ቢ ኤስ የተባለው የሕዝብ ጣቢያ በየዓመቱ አንዳንድ ጊዜ እንዲያሳየው ተፈቀደለት፤ በ2022 ግን ያ ቀረ፤ ኩባንያው ለማይከፍሉት ሰዎች ጥቂት ቀን ከፍቶ ዘጋላቸው።

በአቤቱታው ላይ የፈረሙትን የሚያላግጡባቸው ብዙ ነበሩ፤ ዐዋቂዎች ሰዎች ስለ ሕፃናት ሥዕል ያለቅሳሉ ተባለ። አላጋጮቹ ያላስተዋሉት ነገር ግን አለ። ፊልሙ በዲስክ ታትሞ በየሱቁ በርካሽ ይሸጣል፤ ከፈረሙትም ሰዎች ብዙዎቹ በቤታቸው እንዳለው መገመት አያስቸግርም። በፈለጉት ማታ፥ በሐምሌም ቢሆን፥ ሊያዩት ይችሉ ነበር። እንግዲህ የጮኹት ትርኢቱን አጥተው አይደለም፤ ትርኢቱ በመደርደሪያቸው ላይ ነበርና። የተወሰደባቸው፥ በዴሴምበር አንድ ማታ ባለጠጋውም ድኻውም፥ በሆስፒታል የተኛውም፥ በጭነት መኪና መንገድ ላይ በርካሽ የእንግዳ ማረፊያ ያደረውም ባንድነት የሚያይዋት ግማሽ ሰዓት ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ መቃወሚያ ይነሣል፤ ሊሸፈንም አይገባም። ያ ፊልም ከመዠመሪያው የንግድ ሥራ አልነበረምን? በዓሉ ተሸጠ ብሎ የሚያዝነውን ሕፃን ታሪክ የከፈለበት የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ነው፤ የድርጅቱም ስም በመዠመሪያው ጊዜ በፊልሙ ውስጥ ይታይ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት በፊት፥ በ1964፥ አፍንጫው ቀይ ስለ ሆነው አጋዘን ስለ ሩዶልፍ የተሠራውንም ፊልም ለሕዝብ ያቀረበው ጄነራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃውን እያስተዋወቀ ነበር። የድሮውን ዘመን ከገንዘብ የነጻ አድርጎ የሚያወራ ሰው ራሱን ያታልላል። ነገር ግን በነጋዴና በነጋዴ መካከል ልዩነት አለ። የ1965ቱ ነጋዴ የከፈለው ሰው ሁሉ እንዲገባ ነው፤ ብዙ ሰው በገባ ቍጥር እርሱ ይጠቀማልና። የ2020ው ነጋዴ የከፈለው ግን ያልከፈለ ሰው በውጭ እንዲቀር ነው። ሁለቱም ትርፍ ፈላጊ ናቸው፤ አንዱ ግን በሩን ከፈተ፥ ሁለተኛው ቍልፍ ገዛ። የትኛው ለበዓል እንደሚስማማ አንባቢ ይፍረድ።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይህን ነገር ከሌላ ወገን ያውቁታል። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የሰሙትን የፈረንጅ የልደት ትርኢት ሲያዩ እናቲቱ ገና በጾመ ነቢያት ናት፤ የእርስዋ በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ዛፉንና መብራቱን አንሥቶ ጨርሷል። ስለ ገና ከቴሌቪዥኑ አንድ ቃል የሚሰማ የለም። ሆኖም ዘመድ ከየከተማው ቀኑን ቈርጦ ይሰበሰባል እንጂ እንደየሚመቸው አይመጣም።

ሕዝብ ዛሬ ባንድነት መቀመጥ ጠልቷል የሚለውም ሐሰት ነው። በዴሴምበር 25 ቀን 2024 ቢቢሲ ጋቪን ኤንድ ስቴሲ የተባለውን፥ በ2007 የተዠመረውን አስቂኝ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ባሳየ ጊዜ፥ በዚያው ማታ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀምጦ አየው። እነዚያ ሰዎች በማግሥቱ በኢንተርኔት ሊያዩት እንደሚችሉ ሁሉም ያውቁ ነበር። እንግዲህ ሰዓት የሰጠው ቢገኝ ሕዝቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

ስለዚህ የድሮውን ትርኢት የሚያወድሱት ሰዎች እንባቸውን ትተው አንድ ነገር ቢጠይቁ ይሻላል፤ ይኸውም በበዓል ማታ ከሚታዩት ጥቂቶቹ ለሁሉ ክፍት ሆነው እንዲኖሩ ነው። ይህ እንግዳ ልመና አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1996 የወጣው የብሮድካስት ሕግ አንዳንድ ታላላቅ የስፖርት ውድድሮች በክፍያ ጣቢያ ብቻ ተይዘው እንዳይቀሩ ይጠብቃል፤ ዝርዝራቸውም ተጽፎ ይገኛል። የዓለም ዋንጫ አለበት፥ የዊምብልደን ቴኒስ ፍጻሜ አለበት፥ ግራንድ ናሽናል የተባለው የፈረስ እሽቅድምድምም አለበት። በልደት ማታ የሚታይ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንድም የለም።