መሪነትና ሥራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመን፤ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ሲታይ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ መዲና በሉሳካ ዳርቻ፣ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የተገመቱ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን ይህን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁት የሐድያና የከምባታ ቤተሰቦች ናቸው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፍ ሐተታ ከዚህ መጀመሩ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ስለ ሥራ ትርጉምና ስለ መሪነት የሚነሣው ጥያቄ በሆሳዕናና በዱራሜ ከመሣሪያው መምጣት በፊትም ነበረ። ወጣቱን በዚያ መንገድ የመራው ሰው ነው፤ ስሙም ደላላ ይባላል።

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን መርሐ ግብር ጀምሯል፤ ከትምህርቶቹም አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ በሆነችው፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በሚገኝባት በሆሳዕና ላለ ተመራቂ ይህ በጎ ዕድል ነው። ነገር ግን የምስክር ወረቀት ሥራ አይደለም። በስልክና በኮምፒዩተር የሚገኝ ሥራ ሁሉም የሰውን ክብር ይጠብቃል ማለትም አይደለም። በናይሮቢ ለማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶች የግድያና የጥላቻ ምስሎችን ሲያጣሩ የኖሩ ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል በአማርኛ የሚሠሩ ነበሩ፣ በአእምሯቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት ለፍርድ ቤት እስከ ማቅረብ ደርሰዋል። በዚያው ከተማ ሌሎች ሠራተኞች በሰዓት ከ2 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ክፍያ ክፉ ጽሑፎችን እየለዩ መሣሪያውን አስተምረዋል። መሣሪያው በራሱ ያወቀ ቢመስልም ከጀርባው የደከመ ሰው አለ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሥራን የምታየው ከዚህ በተለየ ዓይን ነው። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የተሾመው ከመበደሉ በፊት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከበደል በኋላ የመጣው ሥራው ሳይሆን የፊት ወዙ፣ እሾሁና አሜከላው ነው። ስለዚህ ድካምን የሚያቀልል መሣሪያ በራሱ የሚነቀፍ አይሆንም። የሐድያና የከምባታ እናቶች እንሰት ለመፋቅ የሚያፈስሱትን ጉልበት ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። (የእንሰት መፋቂያ ማሽን በየጓሮው ሳይዳረስ ስብከት የሚጽፍ መሣሪያ በየኪሳችን መግባቱ ግን የዘመኑን ቅድሚያ ያሳያል።) የሚነቀፈው አዳም የተሾመበትን ማበጀትና መጠበቅን ከሰው እጅ አውጥቶ ሰውን ያለ አደራ ማስቀረት ነው።

መሪነትን በሚመለከት የዮቶር ምክር ለዘመናችን ቅርብ ነው (ዘጸ. 18)። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ አይቶ ሥራውን እንዲያካፍል መከረው፤ ቀላሉን ጉዳይ ሌሎች እንዲዳኙ፣ ከባዱ ግን ወደ እርሱ እንዲመጣ። የሚሾሙትም እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞችና ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑ ነገረው። መሣሪያ ጉቦ አይቀበልም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጉቦን አይጠላም፤ በተሳሳተበት ፍርድም በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አይጠየቅም። ማመልከቻ መደርደርን፣ ስሌትን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤን ቢረዳ መልካም ነው። ማን ይቀጠር፣ ማን ብድር ያግኝ፣ የማን ልጅ ይደገፍ የሚለውን ለእርሱ የሚተው አስተዳዳሪ ግን ዮቶር ካሰበው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቀላሉን ይዞ ከባዱን ያስረክባል።

ይህ ለእኛም ይነገራል። ስብከቱን ከመሣሪያ ቀድቶ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆም አገልጋይ ጥቅሱንም ሆነ ትርጓሜውን ከመጽሐፉና ከመምህራን ሳያመሳክር ቢያቀርብ፣ ስሕተቱ በራሱ ላይ ነው። መሣሪያው ግእዝንና አማርኛን የተማረው ከጥቂት ጽሑፍ ነው፤ ሐድይስኛንና ከምባትኛን ደግሞ ከዚያም እጅግ ካነሰ። በአካባቢው ምእመናናችን በቁጥር ጥቂት በሆኑበት፣ በእናት ቋንቋ የሚያስተምር አገልጋይም ሁልጊዜ በሚፈለግበት ስፍራ፣ ይህ ክፍተት ራሱ ሥራ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ከአባቶች ጋር ተቀምጦ ትምህርተ ሃይማኖትን ወደ ሐድይስኛና ከምባትኛ ቢመልስ፣ በኮዲንግ የሠለጠነውም ጽሑፉን አሰናድቶ ለስልክ ቢያደርስ፣ ማንም መሣሪያ የማይቀማቸው አገልግሎት ይኖራቸዋል። ለዚህ ግን የአካባቢው አህጉረ ስብከት በጀት መመደብ አለባቸው፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ ሥራ ወጣቱ መንገድ ሲነሣ አብሮት ይሄዳል።

የሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ከዚያ በፊት የሚጀምሩት አንድ ነገር አለ፤ በየአጥቢያው ሥራ ያጡትንና ለመሄድ የሚያስቡትን ወጣቶች መዝግቦ መያዝ። ስሙን መሣሪያ ይደረድረዋል። ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቀው፣ ገንዘቡ ለደላላው ከመከፈሉ በፊት ከወላጆቹ ጋር የሚቀመጠው ግን የንስሐ አባት ነው። አሁን በብዙ አጥቢያ ደላላው ይቀድመዋል።