የወንፈሉ ቀን ይከበር
የደጀን ገጠር ጎጦች ያልተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ወንፈል በተራ ነው፣ ደቦ በጠላ ይጠራል፣ ለቅሶ ከሁሉ ይቀድማል። ደንቡ የሚፈተነው ኅዳር ላይ ነው። የደረሰ ጤፍ ቀን አይሰጥም፤ ይረግፋል። ታጭዶ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ነጭነቱን ያጣና ዋጋው ይወርዳል። በዓላቱ ሲቀነሱ ለአጨዳ የሚተርፉት ቀናት ጥቂት ናቸው። በእነዚሁ ቀናት ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የሚስተጓጎለው የአንድ አባወራ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ወንፈሉ በሙሉ ይፈርሳል። ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች፣ አጫጅ ልጅ የሌላት ባልቴት ማሳዋ ሳይታጨድ ይውላል። (አንዳንዴ አጀንዳው ራሱ «ምርት ሳይባክን ይሰብሰብ» የሚል ነው!) ስብሰባ አያስፈልግም አንልም። የወረዳው አመራር ግን ቀን ከመቁረጡ በፊት የጎጡን ሽማግሌዎች ሊጠይቅ ይገባል። አርሶ አደሩ ሞፈር በማይነካበት የበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሆን ማንም ቅር አይለውም።