«ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁ»፦ ለማን?

«ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁ» ይሉናል። ለመሆኑ ይህን የሚለው ማን ነው? የሚባለውስ ለማን ነው? ይህን አባባል ዕድሜ ልኩን ሲደጋግም የኖረውን አሜሪካዊ፣ ኤቨሪ ብራንዴጅን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1936 ሂትለር የበርሊንን ኦሊምፒክ ሲያሰናዳ ብዙ አሜሪካውያን «አይሁድ በሚሰደዱበት አገር አንወዳደርም» ብለው ነበር። የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ብራንዴጅ ግን ያንኑ አባባል ይዞ ተከራከረ፤ አሸነፈም። ጀርመኖቹ አይሁዳዊቷን የከፍታ ዝላይ ተወዳዳሪ ግሬትል በርግማንን ለማስመሰያ ይዘዋት ቆዩ። 1 ሜትር ከ60 ዘልላ የአገሯን ክብረ ወሰን ተስተካክላለች። አሜሪካኖቹ መርከብ ከተሳፈሩ በኋላ ግን «ብቃትሽ አያስተማምንም» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። በርሊን ላይ ደግሞ ማርቲ ግሊክማንና ሳም ስቶለር ከአሜሪካ የዱላ ቅብብል ቡድን በውድድሩ ዕለት ጠዋት ተቀነሱ። በአሜሪካ የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ የነበሩት አይሁዳውያን እነዚሁ ሁለቱ ብቻ ነበሩ!

36 ዓመት አለፈ። ሙኒክ፣ 1972። ብራንዴጅ አሁን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ነው። 11 እስራኤላውያን ስፖርተኞችና አሠልጣኞች በፍልስጤማውያን ታጣቂዎች እጅ አለቁ። እርሱ በመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ላይ ቆሞ ጨዋታው መቀጠል አለበት አለ። ይባስ ብሎ፣ አፍሪካውያን ዘረኛዋ ሮዴሽያ ትውጣ ማለታቸውን ከግድያው ጋር አጣምሮ በኦሊምፒኩ ላይ የተሰነዘሩ ሁለት ጥቃቶች አድርጎ ቆጠራቸው። የእኛ የመብት ጥያቄና የ11 ሰዎች ደም በእርሱ ሚዛን አንድ ሆኑ! ለሟቾቹ በኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የሕሊና ጸሎት የተደረገው በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፤ ከ49 ዓመት በኋላ።

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። በ2019 የዓለም ጁዶ ሻምፒዮና ኢራናዊው ሰኢድ ሞላኢ ከእስራኤላዊው ሳጊ ሙኪ ጋር እንዳይገናኝ የአገሩ ባለሥልጣናት ከውድድሩ ውጣ ብለው አስጨነቁት። ወደ አገሩ ሳይመለስ ቀረ፤ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያውን ያገኘው ለሞንጎልያ ተሰልፎ ነው። ጥላቻ የራስንም ልጅ ያሳድዳል።

የእስራኤልን መንግሥት መንቀፍ የማንም መብት ነው። በልደቱ የተነሳ ሰውን ከሜዳ ማስወጣት ግን ነቀፋ አይባልም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እንግዲህ «ስፖርትና ፖለቲካ አይደባለቁ» የሚል ሲመጣ አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ ዝም በል የምትለው ማንን ነው? መቺውን ወይስ ተመቺውን?