ሲሮጡ የወጠሩት ጥልፍ

በዓል በተቃረበ ቁጥር በሽሮ ሜዳም ሆነ በመርካቶ የአበሻ ቀሚስ ገበያ ይደራል። የጥልፍ ቤቶች ሥራም አብሮ ይደራል፤ ክርክሩም እንዲሁ። ደንበኛዋ «ጥልፉ ተጣመመብኝ፣ ሸማው ተጨማደደብኝ» ትላለች። ባለሙያው መኪናውን ወይም ክሩን ያማል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የመኪናውም የክሩም አይደለም። መርፌው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ጨርቁ በመወጠሪያው ቀለበት ሲያዝ የተፈጸመ ነው።

የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና የተሰጠውን ቅርጽ ተከትሎ ይሰፋል እንጂ ጨርቁ ቀጥ ብሎ መያዝ አለመያዙን አያውቅም። ይህን ማወቅ የሰው ድርሻ ነው። በተለይ ሸማ የእጅ ሽመና ውጤት፣ ድርና ማጉም ላላ ያለ በመሆኑ፣ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ጎትተው ቢወጥሩት ይለጠጣል። ጥልፉ በተለጠጠው ጨርቅ ላይ ያርፋል። ቀለበቱ ሲፈታ ጨርቁ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል በጥልፉ ዙሪያ ይጨማደዳል። ይህን ደግሞ ካውያ አያቃናውም።

የአሰላለፉ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ከደረት ወደ ታች የሚወርድ ረጅም ጥልፍ በአንድ ቀለበት ስለማይበቃ ጨርቁ እየተፈታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወጠራል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጨርቁ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ጥልፉ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከመስመሩ ይወጣል። ይህ በነጭ ቀሚስ ላይ ከሩቅ የሚታይ ጉድለት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የጨርቁን መሐል በሚራገፍ ጠመኔ፣ ክሩን ተከትሎ ማስመር፤ መስመሩን በቀለበቱ ጠርዝ ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር ማገጣጠም፤ ከሥር ማጠንከሪያ ማድረግ፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ጨርቁን ፈጽሞ አለመጎተት ነው። ቀለበቱም ቅርጹን ከሚይዙት ሁሉ ትንሹ ቢሆን ይመረጣል፤ በሰፊ ቀለበት ውስጥ ጨርቅ ይረግባል። በመጨረሻም መኪናው ሳይሰፋ የቅርጹን ዙሪያ እንዲዞር አድርጎ ማየት ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ይዘለላል ቢባል፣ መልሱ ከገበያው አይርቅም። ዋጋ በቀሚስ ሲቆረጥ፣ ለውጠራ የሚጠፋው ጊዜ ማንም የማይከፍልበት ጊዜ ይሆናል። ደንበኛዋም ዋጋ አስቀንሳ ሲያበቃ «ለነገ ይድረስልኝ» ትላለች። በዚህ መካከል የሚባክነው የሸማኔው የስንት ቀን ድካም ነው፤ የተወጋ ሸማ ጥልፉ ቢፈታም እንደ ቀድሞው አይሆንምና።

ስለዚህ ጥልፍ ቤቶች ውጠራን እንደ አንድ ሥራ ቆጥረው በዋጋቸው ሊያካትቱት ይገባል። ዋጋውን የተቀበለ ግን ለተበላሸው ሸማም ኃላፊነቱን መውሰድ አለበት። ደንበኛም ከዋጋው በፊት «እንዴት ነው የሚወጠረው?» ብላ ብትጠይቅ ትጠቀማለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለመቀነት ብቻ አይደለም።