ዕዳ ከሜዳ

ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ ምሽት። ሰፈራችን ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በሜዳው በአርሰናል 1 ለ 0 ሲሸነፍ አየን። አርሰናሎች እየጨፈሩ ወጡ። ዩናይትዶች ግን እግራቸው አልነሳ አላቸው። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ወጣት ስልኩን ዘረጋልን። ማንቸስተር ላይ ዶፍ ወርዶ የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ያፈሳል፤ ውሃው ከላይ እስከ መቀመጫዎቹ እንደ ፏፏቴ ይንዶለዶላል።

«ግሌዘር ሌባ!» አለ ልጁ።

ጥግ ይዘው ሻይ የሚጠጡ፣ ዕድሜያቸውን መርካቶ በንግድ ያሳለፉ አዛውንት ቀና አሉ። «ምን ሰረቁ ልጄ?»

«ክለቡን ነዋ ጋሼ!»

«ሰረቁት ወይስ ገዙት?»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ገዙት። ግን በራሱ በክለቡ ገንዘብ ነው የገዙት» አላቸው። አዛውንቱ ሳቁ። የሚሸጥ ዕቃ የራሱን ዋጋ ሲከፍል በንግድ ዘመናቸው አላጋጠማቸውም። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የልጁ መልስ ቀልድ አልነበረም።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥቀስ። ማንቸስተር ዩናይትድን በ1878 ኒውተን ሂዝ በሚል ስም ያቋቋሙት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ክለቡ መቶ ዓመት አልፎት አክሲዮኑ በለንደን ገበያ ይሸጥ ጀመር። አሜሪካዊው ባለሀብት ማልኮም ግሌዘር ከ2003 ጀምሮ አክሲዮኑን ቀስ በቀስ ሲለቅሙ ቆዩ። በግንቦት 2005 የሁለት አየርላንዳውያን የውድድር ፈረስ ባለቤቶችን ትልቅ ድርሻ ገዙና ክለቡን ጠቀለሉት። ጠቅላላ ዋጋው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ብድር ነው። የብድሩ ትልቅ ክፍል መያዣው የክለቡ የራሱ ንብረት ሲሆን ወለዱን የሚከፍለውም ክለቡ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ይህ ነው የሚባል ዕዳ ያልነበረበት ክለብ፣ ባለቤት ስለለወጠ ብቻ በአንድ ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ አረፈው። አማርኛችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተዘጋጀ አባባል አለው፦ ዕዳ ከሜዳ።

ሕጉስ የት ነበር? ሕጉማ ነበረ። የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ሕግ አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠ ኩባንያ ለራሱ መግዣ የሚውል ዋስትና እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ኩባንያው ወደ ግል ማኅበርነት ሲለወጥ ግን ክልከላው ይላላል። ስለዚህ ክለቡ ከገበያው እንዲወጣ ተደረገ። ገዢው ከአክሲዮኑ ከአሥር ዘጠኙን እጅ ሲሰበስብ ደግሞ ሕጉ የቀሩትን እንዲሸጡ ያስገድዳቸዋል። ከአባቱ የወረሳትን ጥቂት አክሲዮን እንደ ቤተሰብ ቅርስ አስቀምጦ የኖረ ደጋፊ፣ ወደደም ጠላም በ3 ፓውንድ ሒሳብ እንዲያስረክብ ሆነ። ሁሉም ነገር ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ጠበቃ አለው።

ደጋፊዎቹ ዝም አላሉም። አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። በ2010 ደግሞ ስታዲየሙ የኒውተን ሂዝን ቀለም፣ አረንጓዴና ወርቃማ ሻርፕ በለበሱ ተመልካቾች ተሞላ። ባለቤቶቹ ግን አልተነቃነቁም። በ2012 አክሲዮን በኒውዮርክ ገበያ ሲሸጥም ከገንዘቡ ግማሹ ለዕዳ ቅነሳ፣ ግማሹ ለቤተሰቡ ኪስ ሆነ። በዚያ ሽያጭ ሕዝብ የገዛው አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ አለው፤ ቤተሰቡ ለራሱ ያስቀረው አሥር።

ፍርድ ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን መስማት ደግ ነው። ግሌዘሮች ከመጡ በኋላ ዩናይትድ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን እየተመራ አምስት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫና የ2008ን የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አንሥቷል። ከስፖንሰር የሚገኘው ገቢም ብዙ እጥፍ አድጓል። አክሲዮናቸውን ወደው የሸጡት ትልልቆቹ ባለድርሻዎችም ዳጎስ ያለ ትርፍ ይዘው ሄደዋል። ገንዘብ መፈለግም በራሱ ነውር አይደለም፤ መርካቶ ያሳደጋት ከተማ ሰው ሆኜ ነጋዴን ብኮንን ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ያ አዛውንት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ተበድረው ይሆናል። ዕቃው ባይሸጥ ግን ቤታቸው የሚሸጠው የእሳቸው ነበር። ትርፉም ኪሳራውም አንድ ደጃፍ ነው የሚያንኳኳው።

የተጠቀለለው ክለብ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትርፉ ወደ ላይ ወጣ፣ ዕዳው ወደ ታች ወረደ። በሬ መግዣ ያጠረው ሰው ገና ያልገዛውን በሬ አስይዞ ተበደረ እንበል። በሬው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያርሰው መጀመሪያ ለአበዳሪው፣ ቀጥሎ ለገዢው ነው። ለገለባውና ለጋጣው ጣሪያ የሚተርፍ ካለ የመጨረሻው ተራ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በወለድ፣ በልዩ ልዩ ክፍያና በትርፍ ድርሻ ከክለቡ የወጣው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኗል፤ ዕዳው ግን ዛሬም አላለቀም። ስታዲየሙ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተስፋፋው በ2006 ነው። የዚያን እሑድ ምሽት ስልክ ላይ ያየነው ውሃ ከሰማይ ብቻ የወረደ አይመስለኝም።

ሒሳቡ ጣሪያው ላይም አላበቃም። በ2024 መጀመሪያ ባለሀብቱ ሰር ጂም ራትክሊፍ ከአንድ አራተኛ የሚበልጠውን ድርሻ ገዝተው የእግር ኳሱን አመራር ሲረከቡ ወጪ ቅነሳ ተጀመረ። በዚያው ዓመት 250 ያህል ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ በተከታዩ ዓመት ሌላ ዙር ቅነሳ ታወጀ፤ ለስታዲየሙ ሠራተኞች በነፃ ይቀርብ የነበረው ምሳም በፍራፍሬ ተተካ። እንግዲህ አስቡት። 2005 ላይ ማንም ያላማከራት፣ ከብድሩ አንዲት ሳንቲም ያላየች ሠራተኛ ከሃያ ዓመት በኋላ ከምሳዋ ላይ ተቀነሰባት። ቅነሳውን ያመጡት የኋለኞቹ ናቸው ይባል ይሆናል፤ ዕዳ ግን ባለቤት ቢለወጥም አድራሻው አይጠፋውም።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ጀርመኖች ከጥቂቶች በቀር በየክለባቸው አብዛኛው ድምፅ በአባላቱ እጅ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደንብ አላቸው። ባለሀብት ይገባል፣ ያተርፋል፤ ክለቡን አስይዞ ክለቡን መግዛት ግን አይቀናውም። ደንብ ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይለውጠዋል።

ነገሩን ወደ ቤታችን ያመጣሁት ያለምክንያት አይደለም። የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎች በ2011 ወደ ሄኒከን ሄደዋል። ሜታ አቦ በ2012 ከመንግሥት ወደ ዲያጆ፣ በ2022 ደግሞ ከዲያጆ ወደ ቢጂአይ ተላልፏል። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀምሯል። ከእንግዲህ ኩባንያ ተገዛ፣ ተጠቀለለ፣ ተዋሃደ የሚል ዜና እንደ ቡና ዋጋ የምንሰማው ነገር ይሆናል። የእነዚህ ሽያጮች ታሪክ እንደ ዩናይትድ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው፣ የእኛ ዜና እስካሁን የሚጠይቀው «በስንት ተሸጠ?» ብቻ መሆኑን ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? ብድር ከሆነ የተያዘው የማን ንብረት ነው? ነገሩ ቢከሽፍ ቤቱ የሚሸጠው የገዢው ነው ወይስ ደመወዙ የሚቆመው የሠራተኛው? የአክሲዮን ሽያጭ ማስታወቂያ ሰምተን ብር ቆጥረን ከመስጠታችን በፊት፣ ጋዜጠኛውም ሕግ አውጪውም እነዚህን ቢጠይቁልን ዋጋ አያስከፍልም። ኋላ መጠየቅ ግን ያስከፍላል።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አዛውንቱን ደጋግሜ አግኝቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ያ ልጅ፣ ቀዩን ማሊያ እንደለበሰ፣ ይህንኑ የብድር ታሪክ ከሥር መሠረቱ ካወራላቸው በኋላ ጠየቃቸው፤ «ታዲያ ጋሼ፣ አሁንስ ሌባ አይደሉም ይላሉ?»

ሻያቸውን አማስለው መለሱለት። «አይደሉም ልጄ። ሌባ ቢሆኑማ ፖሊስ ይበቃቸው ነበር።»

ልጁ አልተዋጠለትም። ጨዋታው ሊጀምር ስለሆነ ግን እንደ ሁላችንም የመግቢያውን ከፍሎ ተቀመጠ።