ልጁ 16 ዓመት ሲሞላውስ?

ኦቲዝም ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ትንሽ ልጅ ነው። ድጋፉም ያዘነበለው ወደዚያው ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ብዙ ልጆችን ከጓዳ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአዲስ አበባና በቡታጅራ የተሞከረው የወላጆች ሥልጠናም ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች ነው። ታዲያ ልጁ 16 ሲሞላውስ? ያውም ቤቱ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው አሰላ፣ ወይም ከዚያ ወዲያ በአርሲ ደጋ ገጠር ቢሆንስ?

የእኛ ሰላምታ ራሱ ፈተና ነው። እጅ መጨበጥ፣ ትከሻ መጋጨት፣ ከዚያ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ መጠየቅ። ይህ የሚከብደው ወጣት ዝም ብሎ ካለፈ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ስድቡ የሚያርፈው እናቱ ላይ ነው። እሷም ሰው ፊት ማውጣቱን ትተወዋለች። ልጁ ቤት በዋለ ቁጥር ልምምዱ ይቀራል።

ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው «እሺ» ማለትን ብቻ ከተማረ፣ ገንዘቡን ለሚቀማውም ሰውነቱን ለሚነካውም «እሺ» ይላል። ስለዚህ «እምቢ» ማለትን፣ መልስ መቁጠርን፣ ባጃጅ ማስቆምን መልመድ አለበት። ይህ የሚለመደው ገበያና መንገድ ላይ ነው።

የውጭውን ሥልጠና እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። «ዓይን ዓይኑን እያየህ አውራ» የሚለው ምክር ታላቅ ፊት ማቀርቀር አክብሮት በሆነበት አገር ልጁን ደፋር ያስብለዋል። በአርሲ ብዙው ቤት የሚነገረው ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ሥልጠናውም በዚያው መሆን አለበት።

አሰላ ግን ባዶ እጇን አይደለችም፤ ሩጫ አላት። ስፔሻል ኦሊምፒክስ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውንና የሌለባቸውን በአንድ ቡድን የሚያሰልፍበት አሠራር አለው። ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቻል፣ ጓደኛን ማበረታታት ሜዳ ላይ ይለመዳል። የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር፣ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ያላት ከተማ፣ ለዚህ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ የለባትም። መንግሥትም ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን በአቅሙ እንዲደግፍ ሲያዘው ግዴታውን በልጅነት አልገደበውም።

እናንተስ? እንዲህ ያለ ወጣት መንገድ ላይ ሲያጋጥማችሁ ለቲክቶክ አትቅረጹት። ስሙን ጠይቁት። መልሱ ሊዘገይ ይችላል፤ ጠብቁት።